ጠመኔው የጠፋበት አልጋ

ሰኞ 3

ጋሼ ዛሬ ከሆስፒታል ወጡ። ነፍሳቸው ተርፋለች፤ ግራ ጎናቸው ግን የሰው ዕቃ ይመስል ተንጠልጥሎ ነው የመጣው። ከመኪና ያወረድናቸው ሦስት ሴቶች ነን፦ እኔ፣ ሚስታቸው እትዬ እና ልጃቸው አስተማሪዋ። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው አይደሉ? ደረጃው ላይ ስናንገዳግዳቸው በደህናው የአፋቸው ጥግ "ቀስ በሉ፣ ፍሬን የለኝም" አሉን። ሳቅን። እትዬ እያለቀሱ ሳቁ።

እትዬ ከግድግዳዬ ወዲያ ያሉ ጎረቤቴ ናቸው። ጎረቤት ማለት ግን ያንሳቸዋል። ባሌ ጥሎኝ የሄደ ጊዜ ልጄን እኩል ነው ያሳደግናት። ትልቋ ሳፋዬ ውላ የምታድረው እሳቸው ቤት ነው፤ የሳቸው መሰላል እኔ ጋ ነው። ማን ለማን እንዳዋሰ ከተረሳ ቆየ።

ችግሩ ጋሼ የተኙት መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ነው። አሮጌው አልጋ ተሰብሮ ከተጣለ ሰንብቷል። እትዬ ሊያነሷቸው ጎንበስ ሲሉ ወገባቸው "ቋ" ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። እንግዲህ ተስማማን፤ ማንሳት ሲፈልጉ ግድግዳውን በማንኪያ ያንኳኳሉ፣ እኔ እሮጣለሁ። "አንድ፣ ሁለት፣ ሆፕ!" እንላለን። "ሆፕ" የምትለዋን የጨመሩት ጋሼ ናቸው።

ሐኪሙ ከፍ ያለ አልጋ ያስፈልጋቸዋል ብሏል፤ መሬት ላይ ከቆዩ ገላቸው ይቆስላል። እኔ ምን አልኩ? "አልጋ መሸጫ ቤት ውስጥ የምትሠራ ጎረቤት እያለቻችሁ!" አልኩ። ደረቴን ነፍቼ።

ረቡዕ 5

እትዬ የልብስ መስፊያ ማሽናቸውን ሸጡ። የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም ሁሉ የሰፋች ማሽን ናት። "እኔም ደከምኩ፣ እሷም አረጀች፣ በሰላም ተለያየን" ብለው ቀለዱና ገንዘቡን በመሐረብ ቋጥረው ከኔ ጋር ወደ ሱቅ መጡ።

ጠንካራ፣ ራስጌው ሰፊ የሆነ አልጋ መረጡ። አናጢያችን እግሩን ያስረዝመዋል። አናጢውን ምስማር ነው የምንለው፤ ቀጭን ነው፣ ካልመቱት ድምፅ አያወጣም። እትዬን አጠገቡ አቁሜ በገመድ ለካኋቸው፤ ጋሼ ጫፉ ላይ ሲቀመጡ እሳቸው ሳያጎነብሱ እንዲያቅፏቸው። ምስማር ሥራ በዝቶበታልና ሳምንት ያህል ይቆያል አለ። ዋጋውን የጠራሁት እኔ ነኝ። እትዬ አልተከራከሩም። "አንቺ ካልሽ" አሉ፣ መሐረቡን ፈቱ፣ ሙሉውን ከፈሉ።

ሱቁን የከፈቱት ሽማግሌ ትተውልን የሄዱት አንድ ልማድ አለ። ገዢ ሙሉውን ሲከፍል ሻጯ ጠመኔ ታነሣና ከራስጌው ጀርባ ስሙን ትጽፋለች፤ ገዢውም መዳፉን ያሳርፍበታል። "ጠመኔ ካረፈበት ዋጋው ተዘጋ" ይሉ ነበር ሽማግሌው፤ "ከዚያ ወዲያ እንጨት ወርቅ ቢሆን የኛ ራስ ምታት ነው።" አሁን ሱቁ የልጃቸው ነው። ልጁን ከኋላው ፈገግ እንለዋለን፤ ሲቆጣም ሲቀጣም ፈገግ እንዳለ ነው። ልማዱን ግን አልተወውም፣ ደንበኛ ይወደዋላ።

እኔም ጠመኔዬን አነሣሁ። እንደ ደንቡ ሙሉ ስም መጻፍ ሲገባኝ እጄ "የእትዬ" ብሎ ጻፈ። ምስማር አይቶ "በዓለም ላይ ስንት እትዬ አለ?" አለኝ። "የኔ አንድ ናቸው" አልኩት። እትዬ መዳፋቸውን አሳረፉበት፤ ከዚያ ያንኑ እጅ ጉንጬ ላይ። ጉንጬ ጠመኔ ሆኖ ዋለ።

ቅዳሜ 8

ዝናብ። ማንኪያው ጠዋትም ማታም ተንኳኳ። ጋሼ ዛሬ "ሆፕ" ሲሉ ምራቃቸው አመለጣቸውና አፈሩ። እኔ እንዳላየ ሆንኩ።

ሱቅ ውስጥ ፈገግ በስልክ "እንዴት ነው በአንድ ሳምንት እንዲህ የሚጨምረው? እንጨት እኮ ነው!" ሲል ሰማሁ። ለኔ ምኔ ነው ብዬ አቧራ መጥረጌን ቀጠልኩ።

ሰኞ 10

"እታለም" አለኝ ፈገግ ገና ከበር ስገባ። እታለም ካለኝ ሥራ አለ ማለት ነው።

እንጨት ስለጨመረ ተሸጠው ገና ያልተወሰዱት አልጋዎች ሁሉ ዋጋቸው ይጨምራል አለ። ገዢዎቹን ደውዬ እንድነግር ወረቀት ሰጠኝ፣ የምለውን ራሱ ጽፎት።

"ጠመኔ የተጻፈባቸውስ?" አልኩት።

"ጠመኔ እኮ ጠመኔ ነው፣ እታለም" አለ። ፈገግ።

ደወልኩ። አንዱ ሰደበኝ። አንዷ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። አንዱ ሽማግሌ "ልጄ፣ ያንቺ ጥፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ" አሉኝ፤ እሱ ይባስ። እትዬን መጨረሻ ላይ አቆየኋቸው። ሰዓቱ እንዲያልቅ። ፈገግ ግን አጠገቤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

እንዲህ አልኩ፦ "ጤና ይስጥልኝ፣ ክብርት ደንበኛችን፣ ከአልጋ መሸጫው ነው የምንደውልልዎ።" ድምፄን አቅጥኜው ነበር። ለምን እንዳቀጠንኩት አላውቅም። በወዲያ በኩል የጋሼ ሳል ይሰማኛል፤ በግድግዳ የምሰማው ያው ሳል ነው፣ በስልክ ሲሆን ግን የሩቅ አገር ሰው ይመስላል። "በእንጨት ዋጋ መናር ምክንያት" ብዬ ወረቀቱን እስከ ታች አነበብኩት። ጭማሪውን ይከፍላሉ፤ ካልሆነ በከፈሉት ልክ ዝቅተኛውን አልጋ ይወስዳሉ።

እትዬ ምን አሉኝ? "እሺ የኔ እመቤት። አንዲት ጎረቤት አለችኝ፣ እዚያው ነው የምትሠራው። እሷን አማክሬ እነግርዎታለሁ።"

ማታ ማንኪያው ተንኳኳ። ሄድኩ። አነሣናቸው። ስወጣ እትዬ በር ላይ "ዛሬ ከሱቃችሁ አንዲት ሴትዮ ደወለችልኝ" አሉኝ። "ድምጿ ጉሮሮዋን የታመመች ይመስላል። ትኩስ ነገር ጠጪ በያት።"

እሺ አልኩ። እሺ ብዬ ወጣሁ!

ማክሰኞ 11

ቢያንስ "እኔ ነበርኩ" ማለት እችል ነበር። ያወቁትን ነገር መናገር ምን ይከብዳል? ያወቁት መሆኑ ነው የከበደኝ።

እትዬ የሚጨምሩት ነገር የላቸውም። ማሽኗም ሄዳለች።

ሐሙስ 13

ምስማር የእትዬን አልጋ እግር ጨርሶ አቆመው። እንዴት ያምራል። ሁለት ሰዎች ገብተው ወደዱት። ፈገግ ወደ ራስጌው ዞሮ አየና "እታለም፣ ስም የተጻፈበት ዕቃ ለገዢ አይታይም። ለዓይን ደስ አይልም" አለና ወደ ቢሮው ገባ።

ከዚያ ጠመኔው ጠፋ። ጠመኔ ነው፣ ይጠፋል። እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል።

ምስማር ጣውላ እየላገ ነበር። መላጊያው ቆመ። ቀና አላልኩም። እንደገና መላግ ጀመረ።

ከሰዓት በኋላ ፈገግ አንድ የማጥኛ ጠረጴዛ፣ ባለ መሳቢያ፣ በተሸካሚ ወደ ቤቴ ላከልኝ። "ልጅሽ ዘንድሮ የመጨረሻ ክፍል ናት አይደል?" አለኝ። እንዲያው በደግነቱ ነው። አንዳንዴ ደግ ነው።

እጄን ሳሙና አልበቃው አለ። የጠመኔ አቧራ ጥፍር ውስጥ ይገባል።

እሑድ 16

አስተማሪዋ መጣች። ከልጅነቷ አክስቴ ነው የምትለኝ። እንደ ገባች "አክስቴ፣ ነገሩን ደረስኩበት" አለች፤ ክፍል ውስጥ እንዳለች በጣቷ አየር ላይ እየጻፈች። "ሸማቾችን የሚጠብቅ ቢሮ አለ። ዋጋ ተነግሮህ፣ ከፍለህ ከጨረስክ ነጋዴው ዞሮ ጨምር ሊልህ አይችልም። አመልክቻለሁ።"

"እሰይ" አልኩ። ምን ልበል?

"ባለሱቁ ያ አልጋ የናንተ አይደለም ማለቱ አይቀርም። ግን ጠመኔው አለ! የጻፍሽው አንቺ ነሽ። አልጋው ላይ አለ፣ አንቺም አለሽ። ሌላ ምስክር ምን ያደርግልናል?"

"አዎ እኮ" አልኩ። ይኸው፣ አፌ እንዲህ ነው ያለው። አዎ እኮ። ጉንጬን ስማኝ ወጣች።

ልጄ ከአዲሱ ጠረጴዛ ላይ ቀና ብላ "እማ፣ ይሄን ለሁሉም ሠራተኛ ነው የሰጠው?" አለችኝ።

"አርፈሽ አጥኚ!" አልኳት። ጮህኩባት። ምንም አላደረገችኝም።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ረቡዕ 19

ከቢሮው ጥሪ መጣ፤ ለፈገግም ለኔም።

ፈገግ ወንበር ሰጠኝ። ወንበር ሰጥቶኝ አያውቅም። "እታለም፣ ማስታወስ ግዴታ አይደለም። ሰው ይረሳል። በቀን ስንት ሰው ነው የምታስተናግጂው? አንቺን ለመተካት ደጅ የሚጠኑ ሞልተዋል፣ እኔ ግን አባቴ የቀጠሩትን ሰው አልነካም" አለኝ።

መዋሸት አለብሽ አላለኝም። ይሄን ለራሴ ደጋግሜ እነግረዋለሁ። ዋሺ አላለኝም።

አርብ 21

ልጻፈው። ካልጻፍኩት ያፍነኛል።

ቢሮው አግዳሚ ወንበር ያለበት ጠባብ ክፍል ነው። ነገሩን የምታየው መነጽር ያደረገች ሴት ናት፤ ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች። እትዬ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ጥሩ ጫማቸውን አድርገው መጥተዋል። የኔ እናት፣ ሠርግ የተጠሩ ይመስሉ ነበር። ሲያዩኝ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ፣ "አይዞሽ" ለማለት። ለኔ! አይዞሽ!

ፈገግ ተናገረ። "እኚህ እናት የከፈሉት የዝቅተኛውን አልጋ ዋጋ ነው። ያው አለ፣ ዛሬውኑ ይውሰዱት። ከፍ ያለው ግን የሳቸው አይደለም፤ ስማቸው የለበትም። ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ።" ደረሰኙ "አንድ አልጋ" ከማለት ሌላ የትኛው እንደሆነ አይልም።

አስተማሪዋ ብድግ አለች። "አለበት እንጂ! የጻፈችው ይችው አለች፣ ጠይቋት!"

ባለ መነጽሯ ወደ እኔ ዞረች። "ከፍ ያለው አልጋ ላይ የኚህን እናት ስም ጽፈዋል?"

ጫማዬን አየሁ። የፈገግን ጫማ አየሁ። የልጄ ትምህርት ቤት ዓይኔ ላይ መጣ። እንደገና ያ ቀጭን ድምፅ ወጣ፣ የስልኩ።

"አላስታውስም።"

አስተማሪዋ "ምን?" አለች። እትዬን ለማየት አልደፈርኩም፤ ግን ተሰማኝ፣ አጠገቤ ልብሳቸውን ከኔ ልብስ ሰብሰብ ሲያደርጉ።

ባለ መነጽሯ ለጊዜው የሚወሰን ነገር የለም፣ ተጨማሪ ማስረጃ ያለው ያምጣ አለች።

እኔና እትዬ ወደ አንድ ፎቅ ነው የምንመለሰው፣ በአንድ ታክሲ። ተሳፍረው እስኪሄዱ ከሕንፃው ጀርባ ቆየሁ፣ ከዚያ በእግሬ ተጓዝኩ። መንገድ ላይ ዝናቡ ወረደብኝ። ደስ አለኝ፤ ቅጣት መሰለኝ። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ጠዋት ልብስ አጥቤ አስጥቼ ነው የወጣሁት፣ ልጄም ትምህርት ቤት ናት።

ስደርስ ገመዱ ባዶ ነው። በሬ ላይ ትልቋ ሳፋዬ ተቀምጣለች። ውስጧ ልብሴ አለ፤ ደርቆ፣ ተጣጥፎ፣ የልጄ ቅያሪ ዩኒፎርም ከላይ። ከቢሮ መልስ፣ ያን ሁሉ ሰምተው፣ ልብሴን ከዝናብ አስገብተውልኛል።

ሳፋዋንም መልሰውልኛል። ከስንት ዘመን በኋላ። ታጥባ፣ ተወልውላ።

መሰላሉን ይዤ ሄጄ ልመልስ አሰብኩ። አልቻልኩም። ብመልሰው አለቀ ማለት ነው።

ቅዳሜ 22

ግድግዳው ዝም።

ሰኞ 24

ግድግዳው ዝም። ሱቅ ዋልኩ። አንዲት ሴትዮ ከፍ ያለውን አልጋ "ለማን ነው የሠራችሁት? እግሩ ረዘመ" አለች። ፈገግ "ለማንም። እንዲሁ ሞዴል ነው" አላት።

ማታ በግድግዳ "አንድ… ሁለት…" ሰማሁ። የእትዬ ድምፅ ብቻውን። "ሆፕ" አልመጣችም።

ማክሰኞ 25

አስተማሪዋን ደረጃ ላይ አገኘኋት። "እንዴት አደሩ ወይዘሮ" አለችኝ። ወይዘሮ! አፍንጫዋን የጠረግኩላት ልጅ። መንገድ ለቀቀችልኝ፣ ለእንግዳ እንደሚለቀቅ።

ልጄ ደብተሮቿን ከጠረጴዛው አንሥታ አልጋዋ ላይ በሆዷ ተኝታ ታጠናለች። "ወገብሽ ይታመማል" ብላት "የእትዬን ያህል አይታመምም" አለችኝ። ማን ነገራት? የማይሰማ ግድግዳ የለንም።

የጎረቤት ሌባ ቢያዩት ይስቃል፣ ባያዩት ይሰርቃል። ይህን ተረት እያወራሁ ሰው ሳስቅ ኖርኩ። ለራሴ ኖሯል።

ሐሙስ 27

ዛሬ ማታ ራት ስናቀርብ ከግድግዳው ወዲያ አንድ ከባድ ነገር ወደቀ። ከዚያ የእትዬ ጩኸት። ጩኸትም አይደለም፣ ትንፋሽ የሚቆረጥ ድምፅ ነው። ያለ ጫማ ሮጥኩ።

በሩን አንኳኳሁ። ቆዩ። ከዚያ እትዬ በግማሽ ከፈቱት። አንድ እጃቸው ወገባቸው ላይ ነው። በስተኋላቸው ጋሼ መሬት ላይ በጎናቸው፣ ፊታቸው ወደ ግድግዳው። ጀርባቸው ላይ ልብሳቸው ተገልጧል፤ ቁስሉን አየሁት። ሐኪሙ የፈራው ቁስል ነው።

"ማነው?" አሉ ጋሼ ሳይዞሩ።

እትዬ ዓይን ዓይኔን እያዩ መለሱላቸው። በትሕትና፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ።

"ከሱቁ ናቸው።"

በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። ቢያላትሙት ይሻለኝ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ በተዘጋው በር በኩል ሰማኋቸው። "አንድ፣ ሁለት።" እንደገና። "አንድ፣ ሁለት።" እኔ ሦስት እርምጃ ላይ ቆሜያለሁ፣ ሁለት ጤነኛ ክንድ ይዤ።

እዚህ ደብተር ላይ "ጠመኔው ጠፋ" ብዬ ጽፌያለሁ። አልጠፋም። አጠፋሁት። ጨርቁን ያራስኩት እኔ፣ የጠረግኩት እኔ። "የእትዬ" የሚለው አንዴ ሲጠረግ አልለቅ ብሎ ደጋግሜ አሸሁት። ጠረጴዛውም ደግነት አይደለም። ያን ቀንም አውቄዋለሁ፤ አውቄ ነው መሳቢያውን ከፍቼ እንዴት ያምራል ያልኩት።

ሰኞ 1

እሑድን እንዴት እንዳሳለፍኩት አልጽፍም። ዛሬ ግን ወደ ሱቅ ሳልሄድ ወደ ቢሮው ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት ምስማርን መንገድ ላይ ጠብቄ ነገርኩት፤ ሂድ አላልኩትም፣ እንዲያው እንዲያውቅ። ዝም አለ። እሱማ ዝም ነው ሁልጊዜ።

ባለ መነጽሯ አስታወሰችኝ። "ባለፈው አላስታውስም ብለው ነበር" አለች።

"ዋሽቼ ነው።"

ብዕሯን አስቀመጠች። ፊቷ ላይ ቁጣ ፈለግኩ፣ አላገኘሁም። "እስቲ ከመጀመሪያው" አለች።

ከመጀመሪያው ነገርኳት። ዋጋውን የጠራሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ሙሉ እንደተከፈለ፣ አልጋው በእትዬ ቁመት እንደተለካ፣ ጠመኔው፣ መዳፉ።

"ስሙ ግን አሁን የለም።"

"አጥፍቼዋለሁ።"

"ማን አዘዘዎት?"

"እሱ ደስ አይልም ነው ያለኝ" አልኩ። "ጨርቁን የያዘችው እጅ የኔ ናት።"

በዚህ መሃል በሩ ተንኳኳ። ምስማር። ቆቡን በእጁ ይዞ፣ የእንጨት ዱቄት ቅንድቡ ላይ። "እኔም አይቻለሁ" አለ። "ስትጽፍም ስታጠፋም። እግሩን ለነማን እንዳስረዘምኩም አውቃለሁ።" ከተዋወቅን ይህን ያህል ቃል በአንዴ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ወደ እኔ ሳያይ "አንቺ እስክትናገሪ ነው የጠበቅኩት፣ እኔም ያው ነኝ" አለኝ። ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ሁለት ሌቦች።

ፈገግ ተጠርቶ ከሰዓት በኋላ መጣ። "ጎረቤታቸው ናት፣ አዝና ነው" አለ። "እንጨት ጨምሯል፣ እኔስ ከየት ላምጣ?"

ባለ መነጽሯ እንዲህ ነው ያለችው፦ "ዋጋ የሚቆረጠው አንዴ ነው፣ በሽያጩ ቀን። ከዚያ በኋላ እንጨት ቢወደድ ጉዳቱ የርስዎ ነው፤ ቢረክስ ትርፉ የርስዎ እንደሚሆነው። ቢረክስ ደውለው ይመልሱላቸው ነበር?" አልጋውን በተከፈለው ዋጋ ያስረክባል። ስልክ የተደወለላቸው ሌሎቹም እንዲሁ።

የሽማግሌውም ቃል ይኸው ነበር፣ መነጽርና ማኅተም አልነበረውም እንጂ።

በር ላይ ፈገግ አገኘኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱ አልታየኝም። "እታለም" አላለኝም። "ቁልፉን ለጽዳቷ ስጫት" አለኝ። ሰጠሁ።

ጀግና የሆንኩ እንዳይመስለኝ ነው ይህን የምጽፈው። የጋሼ ጀርባ ከመቁሰሉ በፊት ብናገር ኖሮ፣ ያኔ ነበር ነገር።

ረቡዕ 3

ሥራ ፍለጋ ዞርኩ። "ከቀድሞው ቦታ ለምን ወጡ?" ይሉኛል። ምን እላለሁ? እውነቱን ብናገር ጀግና ያስመስለኛል፣ እሱ ደግሞ ውሸት ነው። "ተለያየን" እላለሁ።

ልጄ ጠረጴዛውን በር ላይ አውጥታ አቆመችው። አልጠየቅኳትም።

ቅዳሜ 6

አልጋው መጣ። በመስኮት አየሁ፤ ምስማርና ሁለት ተሸካሚዎች። ደረጃው ላይ ሲያዞሩት የራስጌው ጀርባ ወደ እኔ ሆነ። ንጹሕ ነው። ምንም የለበትም።

ልርዳ ብዬ በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። በምን ፊቴ?

ማታ በግድግዳ የጋሼን ድምፅ ሰማሁ፤ ከበፊቱ ከፍ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ከፍ ብለው ስለተኙ። "አሁን ገና መንገዱ ታየኝ" ሲሉ። እትዬ ሳቁ። "አንድ፣ ሁለት" የሚል ሰው የለም። አያስፈልግማ። ለዚህ ነበር የተለካው፤ እትዬ ብቻቸውን እንዲችሉ። ማንኪያው ከእንግዲህ አይንኳኳም፣ እኔንም ቢወዱኝ አይንኳኳም።

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባል። ደስ ብሎኛል።

እሑድ 7

ዛሬ ሰው ሲመጣ ዋለ።

ጠዋት ምስማር መጣ። ጠረጴዛውን ሊወስድ ነው፤ ለፈገግ መልስልኝ ብዬው ነበር። ፈገግ አዲስ ሻጭ ቀጥሯል አለ፤ ጠመኔውን ደግሞ ከሱቁ አስወጥቶታል፣ "ከእንግዲህ የሚጻፍ ነገር የለም" ብሎ። "እና አንተስ?" ብለው "እኔ ከራስጌው ሥር በመዶሻ ምልክት እመታለሁ። እሱ በጨርቅ አይለቅም" አለኝ። ጠረጴዛውን ራሱ ላይ አድርጎ ወረደ።

ከቀትር በኋላ አስተማሪዋ መጣች። አልተቀመጠችም። "ወይዘሮ፣ ቢሮ ሄደው እንደተናገሩ ሰምተናል። አባዬ አመስግኝልኝ ብሏል" አለች። "አንቺስ?" አልኳት። አሰበች። የተማረ ሰው እውነት ሲናገር ያስባል። "እኔ ገና ነኝ" አለች። እሺ አልኩ። መውጫው ላይ ልጄን "ፈተናሽ መቼ ነው? የሒሳቡን ይዘሽ ነይ፣ እናየዋለን" አለቻት። ለልጄ ነው ያለችው፣ ለኔ አይደለም። ግን ሰማሁት።

አመሻሽ ላይ በሩ ተንኳኳ። በማንኪያ አይደለም፣ በጣት። እትዬ ናቸው። ወገባቸውን ይዘው፣ በመጎናጸፊያቸው ጆሯቸውን ሸፍነው። ግቡ አልኳቸው። አልገቡም። ቀኑን ሙሉ ያዘጋጀሁትን "ይቅርታ" ሳልል በሩን ሰፋ አድርጌ ከፈትኩላቸው።

ደጁን እያዩ እንዲህ አሉኝ፦

"አልጋው ከፍ ብሏል። እሳቸውን ሳጥብ ትንሿ ሳፋ ከመሬት አትደርስልኝም፣ ውሃው ይፈስብኛል፤ ትልቅ ነው የሚፈልገው፣ ወንበር ላይ የሚቀመጥ።"

ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

"እግዜር ይስጥሽ አልልሽም። ሳፋሽን ግን አውሺኝ።"